ከጡረታ በኋላ ወደ ተማሩበት ሜዳ መመለስ

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። 30 እና 35 ዓመት ሙሉ ማለዳ ተነስቶ ወደ ሥራ ሲሄድ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት የሚሄድበት ያጣል። ገቢው ወደ ጡረታ አበል ዝቅ ይላል። የሥራ ባልደረቦች ይርቃሉ፤ ልጆችም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ አልፈው ሄደዋል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከምናያቸው አዛውንቶች ብዙዎቹ «ወገቤን ያመኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ሰውነቴ ከበደኝ» ይላሉ። ሲመረመሩ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም የሚገኝባቸው አሉ። ስለ ውሏቸው ሲጠየቁ ግን ከሕመሙ ጎን ሌላ ነገር ይወጣል፤ ቀኑ ባዶ ሆኖባቸዋል።

«ጡረታ ከወጣን በኋላ ለጤናችን ምን ይሻለናል?» የሚለው ጥያቄ በተለይ አብረው ካረጁ ባልና ሚስት ይነሳል። መልሱ ብዙ ነው። ዛሬ ከእነዚህ መልሶች አንዱን እንመለከታለን፤ ይኸውም በልጅነት ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ተመልሶ የተማሪዎቹን ሩጫና ስፖርት ማገዝ ነው።

በአሜሪካ ኮሌጆች ጡረታ የወጡ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ሆነው፣ ለኮሌጃቸው የስፖርት ቡድን ገንዘብ ይለግሳሉ፤ በየውድድሩም ይገኛሉ። በእኛ አገር የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰባሰቡት በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ኢዮቤልዩ ሲያከብር ወይም ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ነው። የስፖርት ሜዳው ብዙም አይታወስም። ሆኖም ሜዳው ለአዛውንቱም ሆነ ለተማሪው ጤና ሊሰጥ የሚችለው ነገር ትልቅ ነው።

አርአያው ሩቅ አይደለም

በአርሲዋ በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቀላል ሜዳ ላይ ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ከዚያም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእኚህ መምህር እጅ አልፈዋል። የበቆጂ ታሪክ ሲነገር ከፍታው፣ አየሩና ገብሱ ይነሳሉ። ከሁሉም በፊት ግን በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚገኝ፣ ልጆቹን በስም የሚያውቅ፣ ሲቀሩ «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ትልቅ ሰው ነበር።

ወደ አዊ ስንመጣም ስፖርትን ከአባት ወደ ልጅ የማስተላለፍ ልማድ አዲስ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋ ዘማቾችን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዚያ ሜዳ ላይ ሽበት ያወጡ አባቶችና ወጣቶች አብረው ይወጣሉ። አዛውንቱ ፈረሱን ያሳምራሉ፣ ይመክራሉ፣ ይዳኛሉ፤ ወጣቱ ይጋልባል። በሠርጉም በልቅሶውም አብረው ይቆማሉ። ይህ ልማድ ወደ ትምህርት ቤት የሩጫ ሜዳ የማይሻገርበት ምክንያት የለም።

ዳንግላ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር ከፍታ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። እንጅባራ ደግሞ ከዚህም ትበልጣለች። ከፍታውና ቀዝቃዛው አየር ለረጅም ርቀት ሩጫ ይስማማል። በከተማዋና በዙሪያዋ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተምረው መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆነው ያገለገሉና ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ። ሜዳው፣ ልጆቹና ጊዜው ካለ የሚቀረው መገናኘቱ ነው።

ለአዛውንቱ ጤና ምን ይሰጣል?

የመጀመሪያው ጥቅም እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያሠለጥንና ከመውደቅ የሚጠብቅ እንቅስቃሴም ይጨምራል። 150 ደቂቃ ሲባል ብዙ ይመስላል። ቤታቸው ከሜዳው የ15 ደቂቃ መንገድ የሚርቅ ባልና ሚስት በሳምንት 5 ቀን ባጃጁን ትተው በእግር ቢመላለሱ ግን 150 ደቂቃው ሞላ ማለት ነው። «ስፖርት ሥሩ» ሲባሉ የሚያፍሩ አዛውንት «ልጆቹን ላይ ልሂድ» ብለው ሲነሱ ሳይታወቃቸው ስፖርቱን ሠርተዋል።

ሁለተኛው አብሮነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ስሜት እንደሚቸገርና ብቸኝነት በየዓመቱ ከ870 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ሞቶች ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለድብርትና ለመርሳት ችግር ያጋልጣል። ዕድርና ማኅበር ያለው ሰው ብቸኛ አይሆንም ብለን እናስብ ይሆናል። ነገር ግን አዛውንቱ በዕድር የሚያገኙት በአብዛኛው እኩያቸውን ነው፤ እኩያ ደግሞ ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል። «ጋሼ»፣ «እትዬ» እያለ የሚጠብቅ ወጣት ያለው ሰው የትውውቅ ክበቡ አይደርቅም።

ሦስተኛው ተፈላጊነት ነው። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ በጎ ፈቃደኞች በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን እንዲያግዙ ተደርጎ በተካሄዱ ጥናቶች፣ ቀድሞ ብዙም የማይንቀሳቀሱ ተሳታፊዎች ይበልጥ ንቁ ሆነዋል፤ በማሰብና በማቀድ ችሎታቸው ላይም ተስፋ ሰጪ ለውጥ ታይቷል። ሰው የሚጠብቀው ሥራ ሲኖረው ማልዶ ይነሳል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፤ ሌሊቱንም በተሻለ ይተኛል።

ባልና ሚስት አብረው ሲጀምሩት ደግሞ ውጤቱ ይበረታል። በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ አንዱ የትዳር አጋር መንቀሳቀስ ሲጀምር ሌላውም የመጀመሩ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ይቀሰቅሳል። አንዱ ሲደክም ቀድሞ የሚያየውም አጠገቡ ያለው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እንዲሉ፣ ከ60 ዓመት በኋላ አዲስ እንቅስቃሴ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ በቅርቡ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ የደም ግፊቱንና የደም ስኳሩን ቢያስለካ መልካም ነው። የደም ግፊት መኖሩ ለመራመድ እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም መራመድ ግፊትን ለመቆጣጠር ያግዛል። ልኬቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሕክምናው ይቅደም። «ዛሬ ስፖርት ስለሠራሁ» ተብሎ መድኃኒት መዝለል አይገባም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ወይም ጥቂት ስኳር ይያዙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር ሲሰማቸው ወዲያው ይውሰዱ።

የመጀመሪያው ሳምንት እርምጃ አጭር ይሁን፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ከባለቤትዎ ጋር ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርዎ ከሆነ መካከለኛው ልክ ላይ ነዎት። ማውራት ካቃተዎ ቀንሱ ማለት ነው።

ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች «መራመድ ይጨርሰዋል» ብለው ይሰጋሉ። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም በደልዳላ መንገድ ላይ በልክ በመራመድ አይባባስም። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበቱ ጫና ይቀንሳል። ለዚህ ቀላል ልምምድ አለ፤ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ለሚዛን ደግሞ ግድግዳ ወይም የሜዳ አጥር አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያ እግር መቀየር። ተማሪዎቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ እርስዎ ይህን ይሥሩ።

ክረምት ላይ የአካባቢው ጭቃ ያንሸራትታል። በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሊሰብርና ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ሶሉ ያላለቀ ጫማና ምርኩዝ መያዝ ነውር የለበትም። ዝናብና መብረቅ ሲጀምር ከሜዳውና ከዛፍ ሥር ርቆ ቤት ውስጥ መግባት ለአዛውንቱም ለተማሪውም የግድ ነው።

ደረትን የሚያፍን ወይም የሚጨብጥ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ውጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ቁጭ ይበሉ። በጥቂት ደቂቃ እረፍት ቢተውም ሳይመረመሩ አይደሩ። ካልተወ ደግሞ አምቡላንስ ይጠራ።

ለተማሪው ሯጭ ምን ያስፈልገዋል?

ጥቂት ብር ያለው ሰው «ምን ላድርግ?» ሲል ብዙ ጊዜ ዋንጫና ቲሸርት ይታሰበዋል። ከሐኪም ዓይን ሲታይ ግን ቅድሚያ የሚሰጣቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው።

የመጀመሪያው ጫማ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ማምጣቱን የማያውቅ የለም። ያ ድል ግን የተገኘው በአስፋልትና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። የጎጃም ቀይ አፈር ሌላ ነው። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ እየገቡ የፈሳሽ ማስተላለፊያ ሥሮችን ያስቆጣሉ፤ ይደፍናሉም። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ ይገዝፋል። በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ይህ ነው። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደሚጠቁ ተገምቷል፤ የአማራ ክልልም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ የተጋላጭነት ባሕርይ በዘር ስለሚወረስ ነው። ዋናው መከላከያ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሰ ለሚማር ሯጭ የተሰጠ አንድ ጥንድ ጫማ ሰዓቱን ከማሻሻል ያለፈ ሥራ ይሠራል፤ ልጁን ከዕድሜ ልክ የአካል ጉዳትና ከመገለል ሊያድነው ይችላል። ጫማው ልኩ ይሁን። ካልሲ ይጨመርበት። ከልምምድ በኋላ እግር መታጠቢያ ሳሙናና ጀሪካን ውኃ በሜዳው ዳር ይኑር።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ብዙ ተማሪ ማታ የበላውን ይዞ ማለዳ ይሮጣል፤ ከዚያ ባዶ ሆዱን ክፍል ይገባል። ውጤቱ መድከም፣ ማዞርና ትምህርት አለመከታተል ነው። መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ዱቄት ወይም ኪኒን አይደለም። አካባቢው ገብስ፣ ድንችና ማር አለው። በሶ በማር የተበጠበጠ ወይም የተቀቀለ ድንች ለሯጭ ጥሩ ጉልበት ይሰጣል። ከልምምድ በኋላ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ወይም ሽሮ ሰውነትን ይጠግናል። በጾም ወቅት ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ሱፍና ተልባ ይተካሉ። እስከ ቀትር በኋላ የሚጾሙ ልጆች ከባዱን ልምምድ ከበሉ በኋላ ወደ አመሻሹ ቢያደርጉት ይመረጣል።

የወር አበባ የጀመሩ ልጃገረዶች የብረት ማዕድን እጥረት በቀላሉ ያጠቃቸዋል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ሻይና ቡና መጠጣት ደግሞ ይከለክለዋል። ብዙ እየሮጠች በቂ የማትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥና አጥንቷ ሊሳሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለወንድ አሠልጣኝ ለመናገር ታፍራለች። ከባልና ሚስቱ የሚስት ድርሻ እዚህ ላይ ከፍ ይላል፤ ንጽሕና መጠበቂያ በማቅረብም፣ በመስማትም።

ሦስተኛው የልብ ምርመራ ነው። በአገራችን ወጣቶችን ከሚጎዱ የልብ ሕመሞች ዋናው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ በር (ቫልቭ) ጉዳት ነው። ጉሮሮን የሚያቆስለው ባክቴሪያ በወቅቱ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠትና ሕመም፣ ቀጥሎም የልብ በሮች መቆጣት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም በቤት ውስጥ መድኃኒት ብቻ አይታለፍ። ሲሮጥ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከእኩዮቹ በተለየ የሚያለከልክ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታበት ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ተማሪ በሐኪም ሳይታይ አይወዳደር። ብዙ ጊዜ ወላጅ ይህን የሚተወው «ሰነፍ ነው» ብሎ ነው። በየቀኑ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ አዛውንት ግን ልዩነቱን ያያል።

ወደ ቆላ ወርዶ የሚወዳደር ቡድን ካለ ወባም መታሰብ አለበት። በዚሁ ዞን ውስጥ ያለው የጃዊ ወረዳ ቆላማ ነው። ለሚያድሩ ልጆች አጎበር ይያዝ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ያለው ልጅ በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ትኩሳት ያለው ሰው አይሮጥም።

ልጅ ሲጎዳ

በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ወድቆ ክንዱ ወይም እግሩ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ይታሻል፤ ከዚያም በቀርከሃ ተደግፎ ይታሰራል። ቀርከሃ በአዊ ደጋ ሞልቷል። ማሰሪያው ሲጠብቅና ጉዳቱ ሲያብጥ ግን ደም ወደ ጣቶቹ መድረስ ያቆማል። ልጁ በሕመም ይጮኻል፤ «ይለምደዋል» ይባላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ይጠፋል፤ ቤተሰቡም ተሻለው ብሎ ደስ ይለዋል። ሕመሙ የጠፋው ግን ነርቩ ስለሞተ ነው። ጣቶቹ ጠቁረው ሆስፒታል ሲደርስ ለሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ስለዚህ አጥንት ተሰብሯል ተብሎ ሲጠረጠር አይታሽ፣ አይጎተት። እንዳለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በእንጨት ላይ ጨርቅ አነጥፎ፣ ከጉዳቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ጨምሮ፣ ላላ አድርጎ ደግፎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የጣቶቹ ጫፍ መቅላቱ ወይም መጥቆሩ፣ መሞቁ ወይም መቀዝቀዙ ይታይ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሲነኩ ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ። አዛውንቶች በአካባቢያቸው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። «ይህ ልጅ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ» የሚል የአንድ አባት ቃል እጅ ሊያተርፍ ይችላል።

ለወለምታ ደግሞ እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በልክ የተጠመጠመ ፋሻና እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሁለት ቀን በኋላ መርገጥ ካልቻለ ወይም ገና ሲጎዳ አንድም እርምጃ መራመድ ካቃተው ይመርመር።

የሚጥል ሕመም የተነሳበት ልጅ ሲያጋጥም ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ጣት ማስገባት ይቅር። በዙሪያው ያለውን ድንጋይ አስወግዶ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጎ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ከሁሉም አስፈሪው በድንገት ወድቆ የማይነቃና የማይተነፍስ ሰው ነው። ይህ በተማሪው ላይም፣ በሜዳው ዳር በተቀመጠው አዛውንት ላይም ሊደርስ ይችላል። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ፣ ሁለት እጆቹን ደራርቦ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየተጫነ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ያህል ሳያቋርጥ ይቀጥል። ሲደክመው ሌላ ሰው ይተካው። ይህን በወሬ መማር አይቻልም። ጥንዶቹ ለትምህርት ቤቱ ከሚያደርጉት ጠቃሚ ውለታ አንዱ የጤና ባለሙያ ጋብዘው ለመምህራንና ለተማሪዎች የግማሽ ቀን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ለአምቡላንስ የሚደወልበት ስልክም በስፖርት መምህሩ ስልክና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ልክን ማወቅ

መልካም ነገርም ልክ አለው። የጡረታ አበል ውስን ነው። ለቡድኑ ሲባል የራስን መድኃኒት መግዣ መንካት፣ ወይም ባል ሚስቱን ሳያማክር ቃል መግባት የቤት ጠብና የእንቅልፍ እጦት ያመጣል። ከወሩ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተመካክረው የሚችሉትን ይለዩ። ምንም ባይኖር ሰዓት መያዝ፣ ውኃ ማቅረብና ስም መመዝገብ ራሱ ትልቅ ርዳታ ነው። ገንዘብ ሲሰጥ በትምህርት ቤቱ በኩል በደረሰኝ ይሁን። ከሌሎች የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ተባብሮ መሥራትም ሸክሙን ያቀላል።

ቁጣም ልክ ይኑረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ወቅት በሙኒክና አካባቢዋ የተደረገ ጥናት፣ የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት የድንገተኛ ልብ ሕመም ከሌላው ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ እንደጨመረ አሳይቷል። ይበልጥ የተጎዱት ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ውድድር ሲጦፍ ልባቸው የሚመታ ሰዎች ቁጭ ይበሉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ከዳኛ ጋር አይጨቃጨቁ። ድል ሆነ ተብሎም አረቄ አይብዛ። አልኮል የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከመድኃኒት ጋርም አይስማማም።

ልጆቹም የአዛውንቱ ሕልም ማስፈጸሚያ አይሁኑ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እረፍት ይኑራቸው። ጉዳት ያለበትን ልጅ «ለትምህርት ቤትህ ስትል ሩጥ» ማለት ጉዳቱን ዘላቂ ያደርጋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «የጉልበት መድኃኒት» ከየትም ሰው ቢቀርብ አይወሰድ። ጤናን ይጎዳል፤ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን በሚቆጣጠረው ሕግም ያስቀጣል።

ከየት ይጀመር?

በዚህ ሳምንት የደም ግፊትና ስኳርዎን ይለኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ከባለቤትዎ ጋር በእግርዎ ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ይሂዱ፤ ርዕሰ መምህሩንና የስፖርት መምህሩን ያነጋግሩ። የሚመጡት ለማገዝ እንደሆነና የሥልጠናው ባለቤት መምህሩ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። በሦስተኛው ሳምንት ዝም ብለው ቁጭ ብለው ይመልከቱ። የትኛው ልጅ በባዶ እግሩ ይሮጣል? የትኛዋ ቶሎ ትደክማለች? ማን ያነክሳል? በአራተኛው ሳምንት ከሚችሉት አንዱን ብቻ ይጀምሩ፤ ለአንድ ልጅ ጫማ፣ ለቡድኑ በሶ፣ ወይም የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ከፋሻና ከጓንት ጋር።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ግፊትዎን ይለኩ፤ ክብደትዎንም፣ ሳይደገፉ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሱም ይመዝግቡ። መድኃኒትዎን ከሐኪምዎ ጋር ሳይመካከሩ አይቀንሱ፤ ውጤቱን ግን ይዘው ይምጡ። አብረን እናየዋለን።

መልካም ጤና!